ጋሼ፣ ወሬ ቢሆንማ ኖሮ እኛም በተውነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም «አየኸው?» ብለው ብቻ ነው የላኩት። ከፍቼ ሳነብ ገባኝ። የተነካሁት እኔ ነኝ። ማለቴ እኔና እንደኔ ሰውን በማነጋገር የሚያክሙት።

የጻፉት የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር። እኔን አላስተማሩኝም። ታላቅ ወንድሜን ግን አስተምረዋል፤ ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ወንድሜ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ምላሼን የምጽፈው ጋሼ እያልኩ ነው። መከራከሩን ግን እከራከራለሁ።

ጽሑፉን ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገር። የጋሼ የልጅ ልጅ ሳይኮሎጂ ተምራ ጨረሰች። አሁን ሲቢቲ ልማር አለች። ሲቢቲ ማለት ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው፤ በአማርኛ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ይሉታል። ጋሼ ተናደዱ። እንግሊዞች ወሬን የመንግሥት ሥራ አድርገው አሥር ሺህ ወሬኛ ቀጠሩ፣ ፋብሪካ ከፈቱ፤ ከሚታከመው ሰው ግን የሚድነው ግማሹ ብቻ ነው አሉ። ሕክምና የተባለውም «መልካም መልካሙን አስብ» ነው፤ ይህን እናቶቻችን በነጻ ይሰጡን ነበር። እኛ ቡና አለን፣ የነፍስ አባት አለን፣ ዕድር አለን። ወሬ የሚገዛው ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ሕመሙ ከጠና ደግሞ ጸበል አለ፣ ሐኪም አለ፣ ኪኒን አለ። በመጨረሻም እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ የሦስት ቀን ስልጠና የወሰደ ሁሉ ቴራፒስት ነኝ ይላል፤ እነዚህን ሰዎች ማን ነው የሚቆጣጠራቸው?

የመጨረሻዋ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። እሷን መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

እርስዎ ከእንግሊዝ ስለጀመሩ እኔም ከዚያው ልነሳ። ጋሼ፣ ነገሩን የጀመረው ገንዘብ የተረፈው መንግሥት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1972 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ለንደን ውስጥ፣ ሞድስሊ በሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል፣ አይዛክ ማርክስ የተባሉ ሳይካትሪስት፣ የአእምሮ ሐኪም ማለት ነው፣ ጥቂት ነርሶችን ሰብስበው የባህሪ ሕክምና ማሠልጠን ጀመሩ። አዎ፣ ነርሶችን። ገበያ መሃል መግባት ያቃተውን፣ እጁን ቢታጠብ ቢታጠብ የማይጠግበውን ሰው እነዚያ ነርሶች ያክሙ ጀመር። ውጤታቸው ሲለካ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የባለሙያዎቹ ማኅበር ተቋቋመ። ያኔ ስሙ ላይ የነበረው «ባህሪ» የሚለው ብቻ ነው። «አስተሳሰብ» የሚለው የተጨመረው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው። በመሃል የአሜሪካዊው የአሮን ቤክ ሥራ ገብቷል። ቤክ በ1960ዎቹ ፊላዴልፊያ ውስጥ ድባቴ የያዛቸውን ሰዎች ሲያክሙ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ የሚያስቡት ሁሉ ጨለማ ነው፤ ያንን ደግሞ እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ ሐቅ ነው የሚቀበሉት። ቤክ 100 ዓመት ኖረው በ2021 ነው ያረፉት። ሐሳብ ማብዛት ዕድሜ ያሳጥራል ለሚሉ ሰዎች ይህቺን እነግራቸዋለሁ።

አሥር ሺህ ያሉት ቁጥር ከየት እንደመጣም ልንገርዎ። በ2006 ሎርድ ሪቻርድ ላያርድ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ሪፖርት አወጡ። ክርክራቸው እርስዎ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊጽፉት የሚችሉት ነው። አንድን ሰው በሲቢቲ ለማከም 750 ፓውንድ ገደማ ይበቃል። በሕመም ከሥራ የቀረ ሰው ደግሞ፣ የሚከፈለው ድጎማና ሳይከፍል የሚቀረው ግብር ሲደመር፣ መንግሥትን በወር 750 ፓውንድ ያህል ያስወጣዋል። እንግዲህ ታካሚው አንድ ወር ቀድሞ ሥራ ከተመለሰ ወጪው ተመለሰ ማለት ነው። ለዚህ 10,000 ተጨማሪ ቴራፒስት ያስፈልጋል አሉ። ማስፈለግና መቅጠር ግን ለየቅል ናቸው። መጀመሪያ ሁለት ቦታ ተሞከረ። አንዷ የድሮ የድንጋይ ከሰል አገር ዶንካስተር ናት። ሌላዋ ከምሥራቅ ለንደን ኒውሃም፣ ከየአገሩ የመጣ ድሃ ሰው የሚኖርባት። በ2008 ወደ መላ እንግሊዝ ወጣ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የታቀደውም 3,600 ሰው ማሠልጠን ነበር። ዛሬ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይስተናገድበታል።

አሁን ወደ «ግማሹ ብቻ»።

ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ተነስቶ «ግማሽ» ብሎ ቢመልስልዎ «የምኑ ግማሽ?» አይሉትም ነበር? ወንድሜ ይሉ ነበር ብሎኛል። ግማሽ የሚባለው ቁጥር ምን እንደሆነ ለማወቅ ያልታከመው ሰው የት እንደደረሰ መታየት አለበት። ከእንግሊዝ ወጥተን ወደ ፓኪስታን እንሂድ። በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት አለ። በገጠር የሚሠሩ፣ የእኛን ጤና ኤክስቴንሽን የመሰሉ ሴቶች ሲቢቲ ላይ የተመሠረተ እንክብካቤ ሠልጥነው፣ ድባቴ ያለባቸውን እርጉዞችና አራሶች ቤት ለቤት እየሄዱ አዩ። በጥናቱ 903 እናቶች ነበሩ። ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ ሲለካ፣ ሲቢቲው ከደረሳቸው ውስጥ ድባቴው ያልለቀቃቸው 23 በመቶ ነበሩ። ሌሎቹም ቤታቸው እየተኬደ ይታዩ ነበር፣ ሲቢቲው ግን አልደረሳቸውም። ከእነሱ 53 በመቶው አልለቀቃቸውም። ከእንግዲህ ግማሽ ሲባል ይህን ልዩነት ያስቡልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያቺን «ግማሽ» ማን ነገረዎት? ራሳቸው ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ፕሮግራም የሚታከም ሰው በመጣ ቁጥር አጭር መጠይቅ ይሞላል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ሆድህ ባር ባር አለህ፣ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣህ ዓይነት። በየቀጠሮው የሚሞላበት ምክንያት ብልህ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ቢሆን፣ ተሰላችቶ የቀረው ሰው ውጤት አይኖረውም። የተሻለው ብቻ ይቆጠርና ሁሉም የዳነ ይመስላል። የፈተናውን አማካይ ውጤት የቀሩትን ትቶ እንደማስላት ነው። የዚህ ሁሉ ድምር በየጊዜው ለሕዝብ ይወጣል። ግማሹ አልዳነም የሚለውን ክስ ያቀበለዎት ራሱ ተከሳሹ ነው ማለት ነው።

ሙያው እዚያ አገር ያደገበት ምክንያትም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ወሬው ጣፋጭ ስለሆነ አይደለም ያደገው። ተቆጠረ፣ ተለካ፣ ተጠየቀ። እኔን አሁን «ስንት ሰው አየህ፣ ስንቱ ተሻለው?» ብለው ቢጠይቁኝ ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ያለውን መመለስ አልችልም። አፍሬ ነው የምጽፈው።

ሁሉንም እያመሰገንኩ እንዳይመስልብኝ። ቁጥራቸው ውስጥ የሚገባው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የመጣ ሰው ነው፤ አንዴ መጥቶ የጠፋው አይቆጠርም። ሠራተኞቹም በተለይ ቀለል ያለውን ደረጃ የሚሠሩት ወጣቶች በሥራ ብዛት ይቃጠላሉ፣ ይለቃሉ። እርስዎ «ፋብሪካ» ያሉት እዚህ ላይ ከሆነ፣ እዚያውም አገር እንደርስዎ የሚሉ አሉ።

ሁለተኛው ነጥብዎ ነው ያንገበገበኝ። «መልካም መልካሙን አስብ።»

አንድ ሰው ላንሳልዎ። ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፤ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ። ከዘጌ ቡና እየገዛ እዚህ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ድሮ በጀልባ ነበር የሚሄደው። አንድ ቀን ጀልባው ሐይቁ መሃል ሲደርስ ልቡ ድው ድው ይል ጀመር። እጁ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረው። አለቀልኝ አለ። እንደወረደ ሐኪም ቤት ሄደ። የልብ ምርመራ ተደረገለት፤ ምንም የለም። (ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ልቡ የሚመታበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ከዚያ እኔ ጋ ይምጣ።) ምንም የለም መባሉ ግን አላሳረፈውም። ጀልባ ተወ። በየብስ፣ በኮረኮንቹ እየዞረ ይሄድ ጀመር። ቀጥሎ ባጃጅ ውስጥ መሃል መቀመጥ ተወ። ቀጥሎ ቅዳሴ ላይ ከሰው መሃል መቆም ተወ። ከቅጥሩ በር ሥር ነው የሚቆመው፣ ቢመጣብኝ ቶሎ ልውጣ ብሎ። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ሎሚ አለች፤ ሲጨንቀው ያሸታታል።

ይህ ሰው «መልካም አስብ» ያላለው ዘመድ የለም። ሚስቱ፣ እናቱ፣ የነፍስ አባቱ፣ የቡና ደንበኞቹ ጭምር ብለውታል። ለምን አልሠራለትም? አንድ የተለየ እምነት ስለነበረው ነው፦ «ልቤ እንዲህ ሲመታ ሊቆም ነው።» ዴቪድ ክላርክ የተባሉት ሳይኮሎጂስት፣ ኋላ ከላያርድ ጋር ያንን ትልቅ ፕሮግራም ያስጀመሩት፣ በ1986 የጻፉት ይህንኑ ነው። ተራ የሆነ የሰውነት ስሜት እንደ ሞት ምልክት ይተረጎማል። ፍርሃት ይመጣል። በፍርሃቱ ልብ ይበልጥ ይመታል። ይህን ሲያይ ሰውየው «ይኸው መጣ» ይላል። አንዱ ሌላውን እየወለደ፣ ጣና ላይ እምቦጭ እንደሚራባው፣ ውኃውን ይሸፍነዋል። እምቦጩ ላይ «መልካም አስብ» ቢሉት ምን ይገባዋል?

የእኔ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ደረጃውን እየሮጥን ወጣን፣ ወረድን፣ ወጣን። እኔ ሞትኩ፤ ስፖርት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። «ልብህ እንዴት ነው?» አልኩት። «እንደዚያን ቀን ነው የሚመታው» አለኝ። «ቆመ?» ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ቀጥለን ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ተነፈስን። እጁ ደነዘዘ። «ኧረ ይሄማ ያኔ የተሰማኝ ነው!» አለ። ለወራት ከሰይጣን ይሁን ከልብ በሽታ ያልታወቀውን ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ በገዛ ትንፋሹ ፈጠረው።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ሄድን። መጀመሪያ ሎሚዋን ቤት ትቶ ባጃጅ ገባ። ቀጥሎ መሃል ተቀመጠ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ በየሳምንቱ ከበሩ ትንሽ ራቅ፣ ትንሽ ራቅ እያለ። ጀልባው መጨረሻ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አብሬው ሄድኩ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው መንገዱ። ሐይቁ መሃል ስንደርስ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጦ «ደህና ነኝ፣ አይደል?» አለኝ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። አሁንም ዝም። ጋሼ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። እዚህ አገር ተወልዶ «አይዞህ» ሳይሉ መቀመጥ! ግን ተስማምተን ነበር። እያንዳንዷ አይዞህ «አደጋ አለ፣ እኔ ስላለሁ ነው የተረፍከው» ብላ ነው የምታልፈው። እኔ የሌለሁበት ቀን ደግሞ ይመጣል። ዘጌ ስንደርስ ሸሚዙ ረጥቦ ነበር። ቡናውን ገዛ። ሲመለስ አልጠየቀኝም።

11 ቀጠሮ ነበር በጠቅላላ። አሁን በጀልባ ይሄዳል። ዳር ላይ መቀመጡን ግን አልተወም። የኔ ጉድለት ነው ወይስ የእሱ ምርጫ፣ እስካሁን ይከነክነኛል።

ሦስተኛው ነጥብዎን ሳነብ ግማሽ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነበር። ዕድርን የሚተካ ቴራፒስት የለም። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ጎረቤት ቤቱን ትቶ ይመጣል፣ ቀን ተሌት ብቻህን አይተዉህም። እንግሊዝ ይህን ቢያገኝ በብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ይገዛው ነበር።

ግን ጋሼ፣ ቡና ላይ የሚነገር አለ፣ የማይነገርም አለ። የወለደችውን ልጅ ልትወድ ያልቻለች አራስ ይህን በሦስተኛው ስኒ ላይ ታወራዋለች? ነገ መንደሩ ምን ይላል? እኛ እኮ «ሆድ ይፍጀው» የምንል ሰዎች ነን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለን የተረትነውም እኛው ነን። ሁለቱንም እንላለን፣ የምንኖረው ግን በፊተኛው ነው። ወሬ የሚገዛው ዘመድ የሌለው ነው ብለዋል። እኔ ጋ የሚመጡት ዘመድ የበዛባቸው ናቸው። ሊናገሩት የፈለጉት ነገር ውስጥ ዘመዱ አለበታ።

ባህልና ይህ ሕክምና ጠላት አይደሉም፤ ምስክሩ ዚምባብዌ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ ሳይካትሪስት ሐራሬ ውስጥ በ2006 የጀመሩት ሥራ አለ። አያቶችን አሠለጠኑ። እውነተኛ አያቶችን፣ የሰፈር እናቶችን። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የተጨነቀ ሰው መጥቶ ከአያት ጎን ይቀመጣል። ከሲቢቲ ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ፣ ችግርን ለይቶ አንድ በአንድ የመፍታት ዘዴ ነው የሚጠቀሙት። ሕመሙን የሚጠሩት «ኩፉንጊሲሳ» በሚል የሾና ቃል ነው። ትርጉሙ ሐሳብ ማብዛት ነው። የእኛ እናቶች «ልጄ ሐሳብ አበዛ» እንደሚሉት ማለት ነው። በ2016 ጥናቱ ሲታተም፣ አያቶቹ ጋ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት በጣም ተሽለው ተገኙ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። አያት መሆናቸው ብቻ አልበቃም። ሠልጥነዋል፤ ከኋላቸውም ሥራቸውን የሚከታተል ባለሙያ አለ። የፓኪስታኖቹ ሴቶችም በየወሩ እየተሰበሰቡ ሥራቸው ይታይ ነበር።

ስለ ጸበል ብዙ አልልም፤ ጸብ የለኝም። የቡና ነጋዴውም እኔ ጋ እየመጣ ጸበሉን አላቋረጠም፤ አቁም አላልኩትም። ስለ ኪኒንም እንደዚሁ። ኪኒን የሚያስፈልገው ሰው ኪኒን ይውሰድ፤ ብዙ ሰው ሁለቱንም አብሮ ቢያገኝ ይጠቀማል። «ሐኪም አለ» የሚለው ላይ ግን ቆም ልበል። አገራችን ሳይካትሪስቶችን እዚሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነን። ከዚያ በፊት፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ነገሩን ተሸክመው የኖሩት በአማኑኤል ሆስፒታል የሠለጠኑ የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። ሞድስሊም በነርሶች ነበር የተጀመረው። ሐኪም ብቻ ያክም ካልን፣ ጋሼ፣ ወረፋው የልጅ ልጅዎ ልጅ ድረስ ይሄዳል።

(አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ቢሮ ስንከፍት በር ላይ «የንግግር ሕክምና» ብለን ለጠፍን። በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት የሚንተባተብ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ከመሸንቲ ድረስ። ሰሌዳውን በዚያው ሳምንት አወረድነው። ለሙያው ገና ስም እንኳ የለንም።)

አሁን ወደ መጨረሻዋ። የሦስት ቀን ስልጠና።

እኔም አለኝ ጋሼ። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ነው የወሰድኩት። አዘጋጁን አልጠራም። ሦስት ቀን፣ አበል ያለው፣ ሻይ ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ያለው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የወርቅ ቀለም ማኅተም ያለበት ሰርተፍኬት ሰጡን። የተረጋገጥን የሲቢቲ ባለሙያ ሆንን። ስልጠናው መጥፎ አልነበረም። መጥፎው ከዚያ በኋላ «ስትሠራ ልይህ» ያለኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

በሁለተኛው ወር አንዲት እናት መጡ። ልጃቸውን ቀብረው ሦስት ወራቸው ነው። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ያን ቀን አትሂድ ብለው ኖሮ» አሉኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ወረቀት አወጣሁ። መሃሉ ላይ መስመር አሰመርኩ። «ለዚህ ሐሳብዎ ማስረጃው ምንድን ነው?» አልኳቸው። ከስልጠናው የያዝኩት ይህን ነበር። ሴትዮዋ ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ተነሱ። አልተመለሱም። ያን ቀን ያስፈለጋቸው ሰው አብሯቸው እንዲቀመጥ ነበር፤ ወረቀት አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው፣ ማንም ሳይነግረኝ።

ስለዚህ ጥያቄዎ ጥያቄዬ ነው። ይግረምዎትና እንግሊዝ ውስጥም «ቴራፒስት» የሚለው ስም በሕግ አልታጠረም። ማንም ሰው በር ላይ ሊለጥፈው ይችላል። በሕግ የተጠበቁት እንደ «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት» ያሉት ናቸው። ታዲያ እንዴት ሙያው ተከበረ? ቀጣሪው መንግሥት ሆነና መስፈርት አወጣ። ሠልጣኙ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስት ቀን ክሊኒክ ይውላል። በታካሚው ፈቃድ ሥራውን ይቀዳል፤ ሌላ ባለሙያ አዳምጦ ነጥብ ይሰጥበታል። እንደ ፈተና ወረቀት ማለት ነው። ከተመረቀም በኋላ የሚያየው ሰው ይኖረዋል፤ ሱፐርቪዥን ይሉታል። ያ በ1972 የተቋቋመው ማኅበር ደግሞ እውቅና ይሰጣል። ጥሩ ቀጣሪ ያለዚያ እውቅና ወይም ያለዚያ መንገድ አይወስድም። ይህን ስል ሕግ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ እኛ አገር በጣም ያስፈልጋል። ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ግን እጅን አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ምክንያት የለም።

ለልጅ ልጅዎ እንዲህ ይበሉልኝ። ትማር። ግን የምትመዘገብበትን ቦታ አንድ ነገር ትጠይቅ፦ «የእኔን ሥራ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ፣ ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው አለ ወይ?» የለም ካሏት፣ ሰርተፍኬቱ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ገንዘቧን ትያዝ። ሻይ ቤት ያየኋት መሰለኝ፤ ሰላም ብትለኝ ደስ ይለኛል።

እኛ ለጊዜው ያለን ሐሙስ ነው። አራት ሰዎች ነን። ሁለታችን ሳይኮሎጂ የተማርን፣ አንዲት የሳይካትሪ ነርስ፣ አንድ የትምህርት ቤት ካውንስለር። ሐሙስ ማታ እንሰበሰብና አንዳችን የሠራነውን፣ ታካሚው ፈቅዶ የተቀዳውን፣ እናዳምጣለን። ስም የለ፣ ሰፈር የለ። ኔትወርክ ካለ አዲስ አበባ ያለች አንዲት ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በስልክ ትገባለች። ኔትወርክ ያልነበረባቸው ወራት ነበሩ፤ ያኔ እርስ በርስ ነበር የምንታረመው። ታካሚው በየቀጠሮው የሚሞላውን መጠይቅም ከዚህ ወዲህ ነው በደንብ መያዝ የጀመርነው።

ባለፈው ሐሙስ ተራው የኔ ነበር። የቀዳሁትን አጫወትኩ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ኮራ ብዬ ተቀምጫለሁ። ሲያልቅ ነርሷ ስልኳን አየች። ሰዓት ስትይዝ ነበር ለካ። «ከ45 ደቂቃው 28ቱን ያወራኸው አንተ ነህ» አለችኝ።